የሐረም እርግቦችና የእኔ ድርቆሽ

እኔ እንጀራ ጋጋሪ አይደለሁም። ይኼን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም ጅዳ ውስጥ ሥራዬን የሰማ ሐበሻ ሁሉ «እንጀራሽ ዓይን አለው?» ብሎ ይጀምረኛል። የእኔ ሥራ ማድረቅ ነው። ሌላው የጋገረውን ገዝቼ፣ ቆራርሼ፣ አድርቄ፣ በጣሳ አሽጌ እሸጣለሁ። ድርቆሽ ነጋዴ ነኝ። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ለምጄዋለሁ። መጀመሪያ የሳቀችብኝ ማዳም ናት፤ ከእሷ በላይ የሳቀ እስካሁን አልመጣም።

ማዳም ጅዳ ውስጥ፣ ሩዋይስ በሚባል ሰፈር፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። ልጆቿ ሪያድ ናቸው፤ በስልክ ይስሟታል። ስድስት ዓመት ቤቷን ጠርጌያለሁ፣ አብስያለሁ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ አውጥቼ ሰጥቻለሁ። ዐረብኛ «አንቱ» የሚባል ነገር ስለማያውቅ «አንቺ» ማለት ለመድኩባት፤ እናቴ ብትሰማኝ በጥፊ ታጮለኝ ነበር።

በዚያ ቤት፣ ከአልጋዬ ሥር፣ አንድ ጣሳ ድርቆሽ ጠፍቶ አያውቅም። የሰው ቤት የሠራች ሁሉ ታውቀዋለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ሩዝ ስታገላብጪ ትውያለሽ፣ ሆድሽ ግን «እንጀራ» ይላል። ወጥ እንዳትሠሪ ማዳም የቁሌት ሽታ አትወድም። ድርቆሽ ግን ውሃ አርከፍክፈሽ፣ በርበሬና ዘይት ጠብ ካደረግሽበት በአምስት ደቂቃ ይደርሳል፤ ሽታ የለው፣ ኮሽታ የለው። እኔ በክፍሌ ኤሲ ቀዝቃዛ ነፋስ ሥር ዘርግቼ አደርቅ ነበር። በጎረቤት ቤት የሚሠሩ የአገሬ ልጆች ቀመሱልኝና «ለእኛም፣ ለእኛም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ! ራሴን ነጋዴ አድርጌ ማየት ጀመርኩ።

የኢድ ቀን ጠዋት፣ ማዳም አዲስ ልብሷን ለብሳ ስሜቷ ጥሩ ሆኖ ሳያት፣ ነገሩን አወጣሁት።

«ማዳም፣ የራሴን ንግድ ልጀምር ነው።»

«ማሻአላህ! ምን ልትሸጪ?»

«ደረቅ እንጀራ።»

መነጽሯ ከአፍንጫዋ ላይ እስኪወድቅ ሳቀች። እዚህ አገር የተረፈ ዳቦ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ ጸጋ ነው ተብሎ ለብቻው በፌስታል ይንጠለጠላል፣ ፍየል ያለው ሰው መጥቶ ይወስደዋል። «ደረቅ ዳቦ እኛ ለፍየል ነው የምንሰጠው» አለች እንባዋን እየጠረገች። «አንቺ ፍየሎቹን ልታስከፍያቸው ነው?»

የእኔ ቁጣ ደግሞ ክብሪት ነው፤ ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎ ይጠፋል፣ እስኪጠፋ ግን ያቃጥላል። የመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ። ፍየል ብላ የሰደበችው የአገሬን ልጆች መሆኑን ሁሉ ነገርኳት። አዳመጠችኝና መነጽሯን አንስታ አደረገች። ካፊሌ፣ ዋሴ፣ እሷ ናት፤ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ኢቃማዬ፣ በእሷ ስም ነው፤ ያለ ፈቃዷ አንድ እርምጃ አልሄድም። ሁለታችንም ይኼን እናውቃለን።

«እሺ» አለችኝ። «እስከ አረፋ ሂጂና ሞክሪ። ከቀናሽ ወረቀትሽን እያደስኩልሽ በራስሽ ትኖሪያለሽ። ካልቀናሽ ተመልሰሽ ኩሽናዬ ትገቢያለሽ፤ የድርቆሽ ወሬ ሁለተኛ አልሰማም። አለቀ፣ ኸላስ?»

«ኸላስ!» አልኩ።

ክፉ ኩሽና አልነበረም፣ ሐቁን ልናገር። ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኝ የራሴ የምለው አንድ ማንኪያ አልነበረኝም። «ነጋዴ ነኝ» ብዬ ወጥቼ፣ አንገቴን ደፍቼ መመለስ ሞት መስሎ ታየኝ።

ካራንቲና ውስጥ ከሦስት የወሎ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተዳበልኩ። እንጀራ የሚጋግሩ ሴቶች እዚያው ሰፈር ሞልተዋል። የክፍላችን ኤሲ ለሁለት ጣሳ ቢሆን እንጂ ለሃያ ጣሳ አይበቃም፤ ስለዚህ ጣሪያው ላይ ወጥቼ አንሶላ ዘረጋሁ። «ፀሐይ ፀሐይ ነው» አልኩ። እኛ አገር በፀሐይ የማይደርቅ ምን አለ? በርበሬው ይደርቃል፣ ቋንጣው ይደርቃል፣ ጭቃው እንኳን ይደርቃል። ስድስት ዓመት ኤሲ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ጅዳ ከባሕር አፍ ላይ እንዳለች ረስቼው ነበር። የጅዳ ፀሐይ ታቃጥላለች እንጂ አታደርቅም። መነጽር ያደረገ ሰው ከሱቅ ሲወጣ ዓይኑ ይጋረዳል፤ አየሩ ራሱ ያልበዋል።

እንጀራው ቀትር ላይ ስነካው ቀጭ ይላል፤ አመሻሽ ላይ ስነካው ደግሞ እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል። «አሁን ደረቀ፣ አሁን ደረቀ» እያልኩ ቀትር ላይ ቀጭ ሲል ጠብቄ፣ ገና ትኩስ እንደሆነ በጣሳ ከደንኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ ማፍሰሱን ጀመርኩ። ሃያ ሴቶች ገዙኝ፤ ሁሉም የሰው ቤት ሠራተኞች።

ሳምንት አልሞላም፣ በዋትስአፕ ድምፅ ይዘንብ ጀመር። አንዷ «እህቴ፣ ድርቆሽሽ ፂም አብቅሏል፤ ልላጨው ወይስ ልዳረው?» አለች። ሌላዋ ጣሳውን ስትከፍት ከውስጥ «አሰላሙ ዐለይኩም» ያላት እንደመሰላት ነገረችኝ። እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። አንዷ ግን አልቀለደችም። እንግዳ ስታስተናግድ ውላ፣ «ድርቆሼ አለልኝ» ብላ የሰው ምግብ ሳትነካ የቆየች ልጅ ናት። «በልቼ ልተኛ ነበር» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። እሱ ነው አንጀቴን የበላኝ። ያቺ ልጅ ጾሟን አደረች፣ በእኔ ጥጋብ።

ከሃያዎቹ ያላማረረች አንዲት ብቻ ነበረች፤ ከማዳም ቤት ቀጥሎ ያለው ቤት የምትሠራዋ። «በጣም ጣፋጭ ነው፤ ሦስት ጣሳ ጨምሪልኝ» ብላ ጻፈች። ይቺ ልጅ ወይ ዓይን የላት፣ ወይ ምላስ የላት አልኩ።

የቀሩት የመለሱልኝ ጣሳዎች ከፍራሼ አጠገብ ተደርድረው ሳለ ማዳም ደወለች። «ንግድ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ! ማሻአላህ!»

«ክፍልሽ እንዳለ ነው። አልጋውም እንደተነጠፈ ነው።»

«ምኞትሽ አይሞላም ማዳም» ብዬ ዘጋሁና ሦስት ቀን ተኛሁ። ቅስሜ ተሰብሯል፣ ምን እደብቃለሁ። በሦስተኛው ቀን ከምንዳበለው ልጆች አንዷ ብርድ ልብሱን ከላዬ ገፈፈችው። «እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ የተባለው ለካራንቲና ነው» አለችኝ። «ማድረቅ ከፈለግሽ መካ ሂጂ። አክስቴ ጣሪያ አላቸው።»

አክስቷ የሚኖሩት መካ፣ ዑተይቢያ የሚባል ሰፈር ነው። አባታቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ፣ እሳቸው መካ ተወልደው መካ ያረጁ፣ የመስገጃ ልብስ የሚሸጡባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ያለቻቸው ሴት ናቸው። ሁሉም «ኻላ»፣ አክስቴ፣ ይላቸዋል፣ እኔም ኻላ አልኳቸው። አማርኛቸው ግማሹ ዐረብኛ ነው፤ ቀሪው ግማሽ አባታቸው ሲመጡ ይዘውት የመጡት የድሮ አማርኛ ነው። እንጀራዬን በማዳበሪያ ተሸክሜ ደረጃውን ስወጣ አይተው «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ማን ሊበላው ነው?» አሉኝ። ፍየል አላሉም፤ ወደድኳቸው።

የመካ ፀሐይ ሌላ ናት። ልብስ ስታሰጪ ሁለተኛውን እጅጌ ሳትዘረጊ የመጀመሪያው ይደርቃል። በማለዳ አንሶላዎቹን ዘርግቼ፣ እንጀራውን ቆራርሼ በትኜ፣ «አገኘሁሽ!» ብዬ ፀሐይዋን አመሰገንኩና ከኻላ ጋር ቁርስ ልበላ ወረድኩ። ቁርሱ ፉል ነበር። ረዥም ቁርስ ነበር።

ስመለስ አንሶላው አይታይም። እርግብ ብቻ ነው። ግራጫ፣ አንገቱ የሚያብረቀርቅ፣ የጠገበ የመካ እርግብ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ የእኔን ድርቆሽ ይለቅማል።

«ኧረ ጉዴ! እሽ! ውጡ ከዚህ!» ብዬ ጮኼ መጥረጊያ አነሳሁ። መጥረጊያው ግን አልወርድ አለኝ። ዞር ስል ኻላ እጀታውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ሐራም! ሐራም! ምን ልታደርጊ ነው?»

«ኻላ፣ ድርቆሼን እየበሉት ነው!»

«አይቻለሁ። የሐረም እርግብ አትመታም፣ አትባረርም፣ አትረበሽም። መካ ነው ያለሽው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ቢስሚላህ በይላቸው።»

ሌላ ዓሊም ብጠይቅ ሌላ መልስ አገኝ ይሆናል። ጣሪያው ግን የኻላ ነው፤ በኻላ ጣሪያ መጥረጊያ አይነሳባቸውም። እኔም ሙስሊም ነኝ፤ ሕጉን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ድርቆሽና የሐረም እርግብ አንድ ቀን ፊት ለፊት ይገናኙብኛል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩ። ተቀመጥኩና ዓይኔ እያየ በሉት። አንዲት ወፍራም ነበረች፤ ጠርዙን ትተፋለች፣ መሐሉን ትመርጣለች። እሷን እስከዛሬ ይቅር አላልኳትም። ከጅዳ ሻጋታ ሸሽቼ መካ እርግብ እጅ ገባሁ፤ ከድጡ ወደ ማጡ። እዚያው ጣሪያ ላይ አለቀስኩ።

ግን እልኸኛ ነኝ። በማግሥቱ ከሱቅ የወባ አጎበር ገዝቼ ሸፈንኩት። እርግቦቹ መጡና አጎበሩ ላይ ተቀመጡ፤ በክብደታቸው ረገበና እንጀራው ላይ ደረሰ፤ ከላይ ሆነው በቀዳዳው ይበላሉ፣ ከበሉ በኋላ ደግሞ እርግብ የሚያደርገውን ያደርጋሉ። ያ ሁሉ ተጣለ። ኻላ ምክር ሰጡኝ፤ «ድርሻቸውን አስቀድመሽ ስጫቸው፣ ከጠገቡ ይተዉሻል።» ስንዴ ገዝቼ በጣሪያው ዳር በተንኩላቸው። በሉ፣ ደስ አላቸው፣ ሄዱና በማግሥቱ ዘመዶቻቸውን ይዘው መጡ። ስንዴውን እንደ ሰላጣ፣ ድርቆሹን እንደ ዋና ምግብ አደረጉት።

በዚያ ላይ ጊዜው እየሮጠ ነው። ሐጅ ሲቃረብ ፈቃድ የሌለው ሰው ወደ መካ አይገባም፤ መንገዱ እስኪዘጋ ሦስት ሳምንት ብቻ ቀረኝ። አንድ ጣሳ ጤነኛ ድርቆሽ ሳልሸጥ አረፋ ሊመጣ ነው። አንድ ቀን ጠዋት እጅ ሰጠሁ። ጣሪያው ላይ ቆሜ ማዳም ጋ ደወልኩ።

ገና «ሀሎ» ከማለቴ «ተሸነፍሽ?» አለችኝ።

«አዎ» ለማለት ነበር የደወልኩት። ወላሂ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን እንዲህ ብላ ስትጠይቀኝ ክብሪቱ ተጫረ። «ማን ተሸነፈ? ደኅንነትሽን ልጠይቅ ነው የደወልኩት!»

«ከኋላሽ ጉርር ጉርር የሚለው ምንድን ነው?»

«እርግብ ነው። መካ ነኝ።»

«ብዙ ናቸው?»

«አትጠይቂኝ።»

«ዱዓ አድርጊልኝ» አለችና ዘጋች።

በድፍረት ያወራሁት በስልክ ነው እንጂ ኪሳራውማ እዚያው ነው። የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሰገድኩ፣ ማዳበሪያዬን ጠቅልዬ ልሄድ ወሰንኩ። ቀትር ላይ መካ ውስጥ ሰው አይወጣም፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ሁሉም ጋደም ይላል፣ እኔም እስከዚያ ቀን ጋደም እል ነበር። ያን ቀን ግን የቀረኝን እንጀራ ለማውረድ ጣሪያ ወጣሁ። ጫማዬን ሳላደርግ ስለወጣሁ እየዘለልኩ ነው የደረስኩት፤ ወለሉ ምጣድ ሆኗል። እርግቦቹን ፈለግኳቸው። ሁሉም የውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ከሰውነታቸው ራቅ አድርገው ተሰልፈዋል። ያቺ ወፍራሟም አለች። አየችኝ፤ ንቅንቅ አላለችም።

አንድ አንሶላ ዘርግቼ እንጀራ በተንኩ። ማንም አልመጣም። ሌላ አንሶላ ጨመርኩ። ደረጃው ጥላ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ሁለት ሰዓት እንኳን አልሞላም፣ ድርቆሹ በእጄ ስጨብጠው ተንኮታኮተ። የዐስር ሶላት ከመድረሱ በፊት፣ ጥላው ሰፍቶ እርግቦቹ መንጠራራት ሲጀምሩ፣ ሰብስቤ ወረድኩ።

ኻላን ከእንቅልፋቸው ቀሰቀስኳቸው። «ኻላ! ቀትር ላይ አይመጡም!»

«አዎ፣ ይሞቃቸዋል።»

«ያውቁ ነበር?»

«እዚህ አይደል የተወለድኩት?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ የጠየቅሽኝ እንዴት ይባረራሉ ብለሽ ነው» አሉና ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። እንደ እናቴ የማከብራቸው ባይሆኑ ኖሮ የሚባለውን አውቅ ነበር።

በዚያ ሦስት ሳምንት ከካራንቲና ጋጋሪዎች እንጀራ እየጫንኩ መካ እወጣለሁ፣ ከዙሁር እስከ ዐስር አደርቃለሁ፣ ዐስር ሲደርስ የእርግቦቹን ስንዴ በትኜ እወርዳለሁ። ስንዴውን አልተውኩትም፤ ጣሪያው የእነሱም ነው። ድርቆሹን ደግሞ እንደ መጀመሪያው በትኩሱ አልከድነውም፤ እስኪቀዘቅዝ እጄን በሌላው እጄ ይዤ እጠብቃለሁ። ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው።

አዲስ ትእዛዝ ከመቀበሌ በፊት ለሃያዎቹም ምትኩን ላክሁ። ጾሟን ላደረችው ልጅ ራሴ በር ድረስ ወሰድኩላት። ልትከፍትልኝ አልቻለችም፤ በዘበኛው በኩል አስገባሁላት። ማታ ከእሷ የድምፅ መልእክት መጣ። ቃል የለበትም፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ከፍቼ ሰማሁት። ከዚያ ልጆቹ ለጓደኞቻቸው ነገሩ፣ ጓደኞቻቸው ለሌሎች፤ ለአረፋ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ የሚበሉት ይዘው ለመጠበቅ ሁሉም አዘዙ። የማዳም ጎረቤቷ ልጅማ ሳምንት በሳምንት ሦስት ጣሳ ነው። «ይቺ ልጅ ከድርቆሽ ሌላ አትቀምስም እንዴ?» እያልኩ እልክላታለሁ።

በአረፋ ዋዜማ አዲስ ዐባያዬን ለብሼ፣ ምርጡን ጣሳ ይዤ ሩዋይስ ሄድኩ። በመንገዱ ሁሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። «ማዳም፣ ፍየሎቹ ከፈሉ» ልላት ነው። የቤቱን ቁልፍ ስወጣ ልመልስላት ብል አልተቀበለችኝም ነበር፤ በሱ ከፍቼ ገባሁ። «ማዳም!» ብል መልስ የለም። ኩሽና ገባሁ። መደርደሪያው ላይ የእኔ ጣሳዎች ተደርድረዋል። የራሴ እጅ ጽሑፍ አለባቸው፤ አይጠፋኝም። ገሚሱ ባዶ ነው።

በረንዳው ላይ አገኘኋት። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ጣሳዬን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ድርቆሼን እየሰበረች ለእርግብ ትበትናለች። አጥሩ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ እግሯ ሥር እርግብ ነው።

«ማዳም!»

ስኳር ስትሰርቅ እንደተያዘች ልጅ ደነገጠች። «መጣሽ?»

«ይኼ የእኔ ድርቆሽ ነው!»

«የእኔ ነው። ገዝቼዋለሁ።»

«የጎረቤቷ ልጅ…»

«ጥሩ ልጅ ናት። እንደ አንቺ አፏ አይፈጥንም።»

«ያን የሻገተውንም አንቺ ነሽ የገዛሽው?»

«እሱን ጣልኩት፤ እርግብ ያማል።»

«ታዲያ ‹ጣፋጭ ነው› ያለችኝስ?»

«ምን ትበልሽ? ተስፋ ብትቆርጪስ?»

ብስቅ ይሻላል ወይስ ብቆጣ? ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ። «ማዳም፣ ብከስር እኮ ተመልሼ ወደ አንቺ ነበር የምመጣው። ለምን ገዛሽኝ?»

ድርቆሽ ቆርሳ ለእርግቦቹ ጣለች። «ተሸንፈሽ ብትመለሺ ስድስት ዓመት ታኮርፊኝ ነበር» አለች። «ኩርፊያሽን አውቀዋለሁ።»

ይኼኔ አንዱ እርግብ ዘሎ ጣሳው አፍ ላይ ዐረፈ። ያ ሁሉ የመካ ቂም ተነሳብኝ። «እሽ! እዚህ ጅዳ ነው፣ እዚህ ትባረራላችሁ!» ብዬ እጄን ሳነሳ፣ ማዳም ልክ እንደ ኻላ እጄን ያዘችኝ።

«ተያቸው» አለች። «አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የምሰማው የእነሱን ድምፅ ብቻ ነው።»

ስለ ፍየሎቹ የተለማመድኩትን ረሳሁት። ዐባያዬን ሰብስቤ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«መድኃኒትሽን ወስደሻል?» አልኳት።

«ረስቼዋለሁ።»

ተነስቼ መድኃኒቱን ከውሃ ጋር አመጣሁላት። እሷ ስትውጥ እኔ ጣሳውን ከጭኗ ላይ ወሰድኩና እየፈረፈርኩ እበትንላቸው ጀመር።

«በደቃቁ ነው የሚሰበረው» አልኳት፤ «በትልቁ ከሆነ ያንቃቸዋል።»